«ኒ» የምትለው ቃል

ደግሞ ምናለበት ይለዋል የመድረክ መሪው፣ አንዲት ቃል ቢቀይሯት ምናለበት ባባ ጂ፣ ትንሽ ቃል እኮ ናት፣ አዎ ትንሽ ናት፣ ሳርዳራንም ትንሽ ነበረች፣ ትከሻው ላይ እንኳ የማትደርስ ሚስት፣ ትንሽ ስለሆነች ትቀየር?

ሻምሹዲን መድረኩ ምንጣፍ ላይ ተቀምጦ ይቁነጠነጣል። ግጥም የማንበብ ተራው ደርሷል። የላሆር ሰው አዳራሹን ሞልቶታል፣ የመድረክ መሪው ወቃር ጆሮው ሥር ያንሾካሹካል፣ ሙሾውን በኡርዱ ወግ «ኤ» ብለው ይጀምሩ፣ «ኒ» ካሉ ሰው ይስቃል፣ እዚህ ፑንጃብኛ የሚመጣው ለቀልድ ነው።

ለቀልድ።

በፋርስኛ ሲጽፍ ሊቅ አሉት፣ በኡርዱ ሲጽፍ ጀናብ፣ ክቡርነትዎ አሉት፣ እናቱ ባጠባችው ቋንቋ ሲጽፍ አጫዋች፣ ታዲያ የሞተች ሚስቱን በፋርስኛ ያልቅሳት? በሕይወት ሳለች አንዴ ቢያነብላት ምን ይንጫጫል ይሄ ሰውዬ፣ የማልባት ጎሽ ደንግጣ ወተቷን ያዘችብኝ አለችው። በኡርዱም ሞክሮታል፣ ግጥሙ ቤት መታ፣ ሴትየዋ ግን ሌላ ሰው ሆና ቁጭ፣ እርስዎ የሚሏት፣ ጫማዋ የሚያብረቀርቅ ወይዘሮ፣ አያውቃትም።

«ኒ» ምንድን ነው፣ ምንም አይደለም፣ ወንድ በር ላይ ቆሞ ሴት የሚጠራበት ድምፅ ነው፣ አንቺ፣ የት ነሽ፣ እሷ የሰናፍጭ ቅጠሉን እያማሰለች፣ መጣሁ፣ ምን ያስቸኩልሃል፣ በዚህ ነው የሚስቁት? የእነሱስ እናት በምን ተጠርታ ነው የመጣችው?

አሁን ደግሞ ሆዳችሁን ያዙ፣ ይላል ወቃር ለሕዝቡ፣ የፑንጃብ ባባችን መጣላችሁ።

ሆዳችሁን ያዙ አለ። ለለቅሶ።

ድምፅ ማጉያውን ይጨብጣል።

ኒ ሳርዳራን።

ሳቁ ይፈነዳል፣ የፊተኞቹ ጭናቸውን ይመታሉ፣ አንዱ ሙከረር ይላል፣ ይደገም፣ ግጥም የጣመው ሰው የሚላትን ቃል ለሹፈት። ይደገም? ይደገማላ።

ኒ ሳርዳራን።

ሳቁ ሳሳ። ሁለተኛውን ስንኝ አይሰጣቸውም፣ ወቃር ክርኑን ይነካካዋል፣ ይቀጥሉ እንጂ ባባ ጂ፣ ምኑን ይቀጥላል፣ ሰው ተጣርቶ መልስ ሳይሰማ ወሬ ይጀምራል እንዴ።

ኒ ሳርዳራን።

ከኋላ አንድ ሰው ጉሮሮውን ይጠርጋል፣ እሱም ያፍርና ይተወዋል፣ የሚስቅ የለም፣ የሚንቀሳቀስም የለም፣ እንዲህ ጸጥ ካለ፣ አሁን ብትመልስለት ይሰማዋል።