የንፍሮ ባቡር

«ያ ዋቅ! ኧረ የሰው ያለህ! ለቅሶ ቤት ውስጥ እንዲህ ያለ ጉድ ታይቶ ያውቃል?»

ለወንድሟ ለጉተማ ሰልስት ከሞጆ ወደ አዳማ የመጣችው ቡዜ ናት፤ እንባዋን እንኳ ሳትጠርግ ጮኸች።

መጮኋ አይፈረድባትም። የሟቹ ልጅ፣ ትንሿ ሸዋወርቅ፣ የምድጃውን አመድ በቀሚሷ ቋጥራ አምጥታ፣ ለቀስተኛው በተቀመጠበት መሃል ከጓዳ እስከ በሩ ሁለት መስመር አስምራለች። በላዩ ጎረቤት ለእዝን ያመጣውን ንፍሮ ደርድራበታለች፤ ባቄላው ፉርጎ፣ ስንዴው ተሳፋሪ። የሰዉ ነጠላ ጫፍ ሳይቀር አመድ በአመድ ሆኗል።

«ይኸው ነው እኮ የምለው!» አለች ቡዜ። «ዘርፉ፣ ብቻሽን ይቺን አታሳድጊያትም። ይዣት እሄዳለሁ። የወንድሜ ልጅ እኔ ጋ ሥርዓት ትማር።»

ዘርፉ ባሏን ከቀበረች ወዲህ ቀና ብላ ሰው አላየችም። የባል እህት ቃል ደግሞ በዋዛ አይገፋም። አሁን ግን ቀና አለች።

«እትዬ ቡዜ፣ ይህን ያስተማራት ወንድምዎ ነው።»

እውነቷን ነው። ጉተማ የባቡር እሳት አንዳጅ ነበር። ጥላሸት መስሎ ሲገባ ልጁ የሽሮ ዱቄቱን እንደ ሐዲድ ደፍታ፣ ግድግዳውን በከሰል አዥጎርጉራ ትጠብቀዋለች። ዘርፉ አርጩሜ ስታነሳ እሱ ዱቄቱ ላይ ዘፍ ይልና፣ «መሐንዲሷ፣ ድሬዳዋ ስንደርስ ቀስቅሺኝ!» ይላል። ሲነጋ ሠፈሩን እየዞረ፣ «የኔ ልጅ ቤት ውስጥ ሐዲድ ዘረጋች!» ብሎ ደረቱን ይነፋል። አዋሽ ላይ ወባ አስቀረችው።

«መጥረጊያ አምጡ!» አለች ቡዜ። ራሷ ልታመጣ በአመዱ መስመር ላይ ወደ ጓዳ እግሯን አነሳች።

«አክስቴ፣ ከሐዲዱ ውረጂ!» ሸዋወርቅ እጇን ዘርግታ ጮኸች። «አባባ እየመጣ ነው! ባቡሩ ቶሎ አይቆምለትም!»

ዘርፉ ልጇን ሳብ አድርጋ አቀፈቻት።

«አልሰጥም» አለች፣ ሰው ሁሉ እየሰማ። «ቁርጥ አባቷን ናት። ኮርቼባት አሳድጋታለሁ። ቤቴንም እንደፈለገች ታቡካው!»

ቡዜ ያነሳችውን እግር ቀስ ብላ ወደ ኋላ መለሰች። ይሄኔ አዲስ ለቀስተኞች «ወንድሜን! ወንድሜን!» እያሉ ደጁ ላይ ደረሱ። አንዱ አመዱን ሊረግጥ ሲል ቡዜ ሁለት እጇን ዘርግታ አገደችው።

«በጎን፣ በጎን እለፉ» አለች። «ወንድሜ እየገባ ነው።»

ከዚያም ቀሚሷን ሰብስባ፣ ሰዎቹን በግድግዳው ጥግ አንድ በአንድ እየመራች አሳለፈቻቸው።