የግራው ሳጥን

መካነ ሰላም ውስጥ ሬዲዮ ሲበላሽ ሰው ወደ እኔ ነበር የሚመጣው። ይህን የምናገረው ለመኩራራት አይደለም። ኩራቴ ያመጣውን ጣጣ ልናገር ስለሆነ፣ ማን እንደነበርኩ አስቀድሞ ይታወቅልኝ ብዬ ነው። ፈንታሁን እባላለሁ። ሙያውን አስመራ ተምሬ መጥቼ፣ ገበያው ዳር አንዲት ጠባብ ሱቅ ከፍቼ ካቻቢቴና የብየዳ ካውያ ይዤ የምውል ሰው ነበርኩ።

መምህር ያለው የሚባል የሒሳብ አስተማሪ ነበር። ደመወዙ የሚያልቀው በዘፈን ሸክላ ላይ ነው። አንድ ጊዜ ደሴ ሄዶ፣ ወደ አገሩ ከሚመለስ ፈረንጅ ሐኪም ላይ አምፕሊፋየር፣ ድምፅ የሚያጎላ ማሽን፣ ገዝቶ መጣ። አሮጌ ቢሆንም የትልቅ ሰው ዕቃ ነው። እንደ አምፖል የሚበሩ አራት የመስታወት ቱቦዎች አሉት፣ ሲሞቅ ክፍሉን ያሞቃል። የጎደለው ስፒከር ብቻ ነበር።

ስፒከር ማለት ያገኙትን መሰካት የሚመስለው ሰው ብዙ ነው። እኔም ያኔ ከነዚያ አንዱ ነበርኩ። መጀመሪያ ያገናኘነው ጮኸ እንጂ አልዘፈነም። ሁለተኛው ለማሽኑ የማይመጥን ሆኖ አንዱን ቱቦ አቃጠለብን። ማሽኑ የሚሸከመው የራሱ ልክ አለው፤ ስፒከሩ ከዚያ ልክ ሲያንስ ማሽኑ ራሱን ይፈጃል፣ ሲበልጥ ደግሞ ይለግማል። ደብዳቤ ስንጽፍ፣ ሰው ስንልክ አንድ ዓመት አለፈ። በመጨረሻ ትክክለኞቹ አዲስ አበባ አንድ የተዘጋ ጭፈራ ቤት ውስጥ ተገኙ። ክረምት ስለነበር መኪናው ከወረኢሉ አላልፍም አለ፤ ሄጄ በበቅሎ ያመጣኋቸው እኔ ነኝ። ወገብ የሚደርሱ ሁለት ቡናማ ሳጥኖች ናቸው፣ አንዱን በግራ አንዱን በቀኝ ጫንኳቸው። ክብደታቸው እኩል ስለነበር እስክንደርስ ድረስ ጭነቱ አንዴም አላጋደለም።

ያን ዕለት መምህር ያለው ወንበሩን ከሁለቱ ሳጥኖች ፊት ለፊት፣ ልክ መሐል ላይ አድርጎ ተቀመጠ። ሸክላው ሲዞር ዓይኑን ጨፈነ።

«ፈንታሁን፣ ሴትዮዋ እዚህ ጋ ቆማለች» አለኝና ባዶውን ግድግዳ በጣቱ አሳየኝ።

እውነቱን ነው። ድምፁ ከግራም ከቀኝም አልነበረም የሚመጣው፤ ከመሐል ነበር። አንዱ ሳጥን ጥቂት እንኳ ቢደክም ዘፋኟ ወደ ሌላው ታጋድላለች። እሱ ይህን በጆሮው ብቻ ይለይ ነበር። እኔም እሁድ እሁድ አጠገቡ እየተቀመጥኩ በጆሮ መለየትን ከእሱ ተማርኩ። ምነው ባልተማርኩ።

በስልሳ ዘጠኝ ግንቦት መምህር ያለውን አሰሩት። ቤቱ ሲፈተሽ አምፕሊፋየሩንና የሸክላ ማጫወቻውን የአድኃሪ ዕቃ ነው ብለው ወደ ቀበሌ ወሰዱ። ሳጥኖቹን ግን አልነኳቸውም። ባለቤቱ ሸዋረግ ጨርቅ አልብሳ ብልቃጥና ሰፌድ ደርድራባቸው ስለነበር ቁም ሣጥን መሰሏቸው። እኔ ይህን ሰምቼ በሆዴ ስቄያለሁ።

ጳጉሜን ሲገባ የቀበሌው ሊቀመንበር ጓድ አራጌ አስጠራኝ። አራጌ ድሮ የጨው ነጋዴ ነበር፤ አሁን ሽጉጥ ታጥቋል። የቀበሌው አዳራሽ ወለል ላይ የመምህር ያለው ማሽን፣ ማጫወቻውና አራት እንደ ጡሩምባ አፋቸው የሰፋ የቆርቆሮ ድምፅ ማጉያዎች ተቀምጠዋል።

«መስከረም ሁለት የአብዮት በዓል ነው። እነዚህን ከዚህ ጋር ታገናኛለህ» አለኝ።

«ጓድ ሊቀመንበር፣ አይሆኑትም። ይቃጠላል።»

«ስፒከር አይደሉም እንዴ?»

«ናቸው። ግን የዚህ ማሽን አይደሉም።»

«አሻጥር እንዳይሆን ብቻ» አለ።

ያን ጊዜ በዚያች ቃል ሰው ይሞት ነበር። ፈራሁ፣ አልዋሽም። ግን ፍርሃት ብቻ አልነበረም። ያ ማሽን በነዚያ ቆርቆሮዎች ሲቃጠል ታየኝና ሆዴ አልችል አለ።

«የራሱ ስፒከሮች እኮ አሉት» አልኩ።

«የት?»

ነገርኩት። ሰው ስጠቁም መሆኔ አልታየኝም፤ ለዕቃው የሚሆነውን ዕቃ የነገርኩ ነው የመሰለኝ።

ያኔውኑ፣ ከሁለት ሚሊሺያዎች ጋር፣ ሸዋረግ ቤት ሄድን። ደጃፍ ላይ ምስር ስትለቅም አገኘናት። አራጌ ሲነግራት ፊቷ አመድ መሰለ። ቀጠለና የእስረኞቹን ነገር አነሣ። በበዓሉ ቀን የሚለቀቁ ሰዎች ስም በአደባባይ ይነበባል፣ የመምህር ያለውም ጉዳይ በጥሩ ሁኔታ እየታየ ነው፣ ትብብሯን እሱ ራሱ ለኮሚቴው ይናገርላታል። የሴትዮዋ ፊት ሲለዋወጥ አየሁ። ብልቃጦቹን አንድ በአንድ አነሣች። አንዱ ከእጇ አምልጦ ተሰበረ፤ እኔ ግን ባሏ ሊፈታ ነው ብላ ደስ ብሏት ነው አልኩ።

ሚሊሺያዎቹ ሳጥኖቹን ይዘው ሲወጡ እጅጌዬን ያዘችኝ።

«ፈንታዬ፣ አፈር ስሆን፣ ሳጥኖቹን እንዳትከፍታቸው። እሱ እንደዘጋቸው ይሁኑ።»

ከፋኝ። ከወረኢሉ ድረስ በዝናብ ያመጣኋቸውን ዕቃዎች አበላሻለሁ ብላ የፈራች መሰለኝ።

«እትዬ ሸዋረግ፣ እኔ እኮ ነኝ ያመጣኋቸው።»

«አውቃለሁ ዓለሜ። ብቻ አትክፈታቸው። በሞቴ በል።»

«በሞትሽ። አብሽሪ፣ አልከፍትም» አልኳት።

መንገድ ላይ የግራውን የተሸከመው ሚሊሺያ የእኔ ይከብዳል እያለ ሲያማርር፣ ሁለቱ እኩል ናቸው፣ ስንፍናህ ነው ብዬ ቀለድኩበት።

አዳራሹ ውስጥ አገናኘሁና ማሽኑ እስኪሞቅ ጠብቄ ሸክላ አስቀመጥኩ። የቀኙ እንደ ድሮው ጥርት ብሎ ወጣ። የግራው ግን ጋቢ ተከናንቦ የሚያወራ ሰው ይመስላል። ሽቦውን ለዋወጥኩ፤ ያው ነው። ሳጥኖቹን አቀያየርኩ፤ ጉድለቱ ከሳጥኑ ጋር ሄደ፤ ወደየቦታቸው መለስኳቸው። አራጌና ሚሊሺያዎቹ ግን ረክተዋል። አንዱማ ምቱን በእግሩ ይመታ ነበር።

«ይሰማል እኮ! በቃ፣ ጥሩ ነው» አለ አራጌ።

በቃ አለኝ። ያ ጨው ነጋዴ፣ ያ ጆሮ የሌለው ሰው በሩን ከፍቶ ሂድ ሲለኝ እኔ እምቢ አልኩ። ሽቦዬን ጠቅልዬ ወደ ሱቄ ብሄድ ምን ነበረበት? በመካነ ሰላም አደባባይ የግራውን ከቀኙ የሚለይ ማን ነበር? ምላሴ በተቆረጠ ይሻል ነበር።

«አይ፣ ጓድ ሊቀመንበር፣ የግራው ታፍኗል። ውስጡ አንድ ነገር አለ» አልኩ።

መሐላዬን አልረሳሁም። አይጥ ገብታበት ይሆናል፣ ብተወው ስፒከሩን ትበላዋለች፣ ባጸዳው ሸዋረግ ራሷ ታመሰግነኛለች ብዬ ለራሴ ተናገርኩ። ሰው ለራሱ ሲናገር እንዴት ያለ ጠበቃ ነው። የጀርባውን ስምንት ብሎን ፈታሁ። ሳንቃው ሲላቀቅ ነጭ ነገር ብቅ አለ። ሳልነካው ነው ያወቅሁት። ጥለቱ አረንጓዴ የሆነ፣ ሸዋረግ ለማርያም የምትለብሰው ነጠላ ነበር።

ሳንቃውን መልሼ ልገጥመው ሞከርኩ። የአራጌ እጅ በትከሻዬ ላይ አልፎ ገባ።

ነጠላው ውስጥ በገመድ የታሰረ የወረቀት ክምር ነበር፤ ሌሊት ሌሊት በየግድግዳው ተለጥፎ የሚያድር፣ መንግሥትን የሚሰድብ በራሪ ወረቀት። አራጌ አንዱን እስከ መጨረሻው አነበበ። ከዚያ እጁን ዘረጋልኝ።

«ጓድ ፈንታሁን፣ አብዮታዊ ንቃት ማለት ይህ ነው።»

እጄን ሰጠሁት። አላወቅሁም ነበር፣ ፈልጌ አይደለም፣ በስህተት ነው ማለት እችል ነበር፤ እጄን ግን ሰጠሁት። ሚሊሺያዎቹ ወጡ። ወደ ሸዋረግ ቤት የሚወስደው መንገድ አጭር ነው።

«በል አሁን ሞክረው» አለኝ አራጌ።

ስምንቱን ብሎን መለስኩና ሸክላውን አዞርኩት። ዘፋኟ መሐል ላይ ቆመች። እግዜር ይቅር ይበለኝ፣ ለአንድ አፍታ ደስ አለኝ። ሸዋረግን ከነምስሯ ከደጃፏ እያነሷት፣ እኔ ድምፁ ተስተካከለልኝ ብዬ ደስ አለኝ።

መስከረም ሁለት ሳጥኖቹን መድረኩ ላይ ግራና ቀኝ አቆምኩ፤ ማይክሮፎኑንም ከማሽኑ ጋር አገናኘሁ። እስር ቤቱ ከአደባባዩ ጀርባ ነው፣ መሐላቸው የቆርቆሮ አጥር ብቻ ነው ያለው። የተፈቱት ስም ተነበበ፤ አሥራ አንድ ሰው። መምህር ያለው የለበትም። ስሙ ዝርዝሩ ላይ ነበረ፣ በጳጉሜን አምስት ነው የሰረዝነው ብሎ አራጌ ራሱ በኋላ ነገረኝ፤ የሚያስደስተኝ ዜና የነገረኝ ይመስል። ኅዳር ላይ ወደ ደሴ ወሰዱት፤ ከዚያ ወዲህ ያየው የለም። ሸዋረግ ከአራት ዓመት በኋላ ተፈታች። በሱቄ በር ስታልፍ ፊቷን አታዞርም፤ ማንም እንደሌለ አድርጋ ታልፋለች። ብትሰድበኝ ይሻለኝ ነበር።

እኔን የሚበላኝ ግን የበዓሉ ቀን ነው። ንግግሩ ሲያልቅ አራጌ ስሜን ጠርቶ በአደባባይ አመሰገነኝ፣ ሕዝቡም አጨበጨበ። ባይጠራኝም ለውጥ አልነበረውም። መምህር ያለው ከቆርቆሮው ማዶ ሆኖ ይሰማል። ያን ሳጥን በገዛ እጁ የሞላው እሱ ነው፤ የግራው ታፍኖ መሰማት እንዳለበት ያውቃል። ያን ቀን ድምፁ ጥርት ብሎ ከመሐል መጣለት። እንዲህ አድርጎ የሚያስተካክለው ሰው በመካነ ሰላም አንድ ብቻ ነበር፤ ጆሮውንም ያስተማረው እሱ ነው።