ከየረር ላይ የሚታየው ዋንዛ

ሐጀራ ስትዋሽ ማንም ሰምቷት አያውቅም። ቱሉ ዲምቱ፣ ከኮንዶሚኒየሙ ምድር ቤት ባለችው ጠባብ ሱቋ፣ ዳቦው የትናንት ከሆነ የትናንት ነው ትላለች፤ "ወላሂ!" ብላ ካከለችበትማ ነገሩ አለቀ። ይህቺ የስልጤ ሴት በዕድሜዋ አንድ ውሸት ብቻ ነው የዋሸችው፤ እሱንም ለጎረቤቷ ለእትዬ አደሴ። ዛሬ በጥቅምት ፀሐይ የየረርን ተራራ ከእሳቸው ጋር ስትወጣ፣ ያ ውሸት ከያዘችው ምሳ ዕቃ በላይ ከብዷታል። "ውሸትና ስንቅ እያደር ይቀላል" ያለው ሰውዬ መቼም ዳገት ወጥቶ አያውቅም!

እትዬ አደሴ የአገሩ ልጅ ናቸው። የተወለዱት ከየረር ግርጌ ወደ አቃቂ ሲል ባለ መንደር፣ አባታቸው ደጅ ላይ አንድ ትልቅ ዋንዛ በቆመበት ቤት ነው። ኮንዶሚኒየም ሲገቡ ሁለቱንም ዓይናቸውን ሞራ ጋርዶት፣ ቀኑን ከሌቱ ብቻ ነበር የሚለዩት። ልጅ የላቸው፤ የወንድማቸው ልጅ ዱሬሳ አልፎ አልፎ ብቅ ይላል እንጂ የቀረው ሁሉ የወደቀው ሐጀራ ላይ ነው። እሷ ደግሞ የሻርፗን ጫፍ ታስይዛቸውና ከፊት ከፊት ትሄዳለች። "ከፍ!" ካለች ደረጃ ነው፤ "ዝቅ!" ካለች ቦይ፤ "ይቁሙ!" ካለች ሚኒባስ። እንዲህ አድርጋ ለቅሶ አድርሳቸዋለች፤ እሁድ እሁድም እስከ ቤተ ክርስቲያኑ በር ወስዳ መልሳቸዋለች።

ቅዳሜ ቅዳሜ ሐጀራ ከገበሬ እንቁላል ለመግዛት በዚያ መንደር ታልፋለች። ስትመለስ እትዬ አደሴ ቤት ጎራ ብላ በርጩማ ስባ ትቀመጣለች። ጥያቄው ሁልጊዜ አንድ ነው።

"የአባቴ ዋንዛ እንዴት ነው?"

"ቆሟል።"

አንድ ቅዳሜ ግን ስታልፍ ዋንዛው የለም፤ ተቆርጦ ቦታው ለመጋዘን ታጥሯል። ያን ዕለት የእትዬ አደሴን ፊት ስታይ አንጀቷ አልችል አለ። "ቆሟል" አለች። አንዴ ከተባለ ወዲያ ምን መመለሻ አለው? በየሳምንቱ "አብቧል"፣ "ወፍ ሰፍሮበታል" እያለች ቀጠለች።

"ዓይኔን በቢላ? ሞቼ ነው!" ሲሉ የኖሩትን ሴትዮ በክረምቱ እየጎተተች ወስዳ ያሳከመቻቸውም እሷው ናት። ፋሻው ሲፈታ መጀመሪያ ያዩት የእሷን ፊት ነው።

"ውይ! እንዲህ ቀጭን ነሽ እንዴ? ድምፅሽ እኮ የወፍራም ሴት ነው!" ብለው አቅፈዋት አለቀሱ። "ምን ልክፈልሽ ልጄ?"

"ኧረ ይተዉት እትዬ! ለአላህ ብዬ ነው።"

ምስጋና ሲያነሱ ሁልጊዜ መልሷ ይኸው ነው። እሳቸው ግን ዋዛ አይደሉም። "እንግዲያው ዝናቡ ሲያባራ የረር አናት ወጥተን አምላኬን አመሰግናለሁ፤ አንቺም አጠገቤ ትቆሚያለሽ። አባቴ በልጅነቴ እዚያ አቁሞኝ ዋንዛችንን አሳይቶኛል" አሉ። ሐጀራ ሱቁን ሰበብ አደረገች፤ ዳገቱ ይከብድዎታልም አለች። አልሆነላትም።

ይኸው እየወጡ ነው። አደዩ ረግፎ ማሳው ቢጫ ሆኗል። እትዬ አደሴ ምርኩዛቸውን እየተከሉ፣ ለእያንዳንዷ ቅጠል "ተመስገን! ይቺንም አየኋት!" እያሉ፣ እንደ ፍየል ይወጣሉ። ሐጀራ ከኋላ ላብ በላብ ሆናለች። አናቱ ላይ ሲደርሱ ምን ልትል ነው?

ከአናቱ በፊት ግን ሸንተረሩ መጣ። መንገዱ ቀጭን፣ ግራው ገደል፣ ቀኙ ገደል። ሐጀራ አንዴ ቁልቁል አየችና ሣሩ ላይ ዘፍ አለች።

"እርስዎ ይሂዱ እትዬ። እኔ ወላሂ አልችልም!"

እውነቷን ነው፤ ፈርታለች። ግን ከፍርሃቷ ሥር ሌላ ነገር ነበር። ብቻቸውን ከሄዱ ብቻቸውን ያያሉ፤ እሷም ፊታቸውን ከማየት ትድናለች። እትዬ አደሴ ትንሽ ራመድ ብለው አናቱን አዩ፤ ቅርብ ነበር። ከዚያ ተመለሱ።

ነጠላቸውን ፈትተው ጫፉን በእጇ አስያዟት። "ዓይንሽን ጨፍኚ።"

"ኧረ እትዬ!"

"ጨፍኚ አልኩ እኮ! እኔ ስንት ዘመን ተከትዬሽ የለም?"

ጨፈነች። "ከፍ!" አሉ፤ እግሯን አነሳች። "ዝቅ!" አሉ፤ ቀስ ብላ ወረደች። "ቢስሚላህ፣ ቢስሚላህ" ትላለች በየእርምጃው። ነፋሱ ጆሮዋ ላይ ሲያፏጭ፣ እትዬ አደሴ በሷ እጅ ላይ ሆነው ምን ያህል አምነዋት እንደኖሩ ያን ጊዜ ገባት።

"ደረስን። ግን አትግለጪ። መጀመሪያ ጠይቂኝ።"

"ምን ልጠይቅ?"

"ቅዳሜ ቅዳሜ የምጠይቅሽን።"

ሐጀራ የነጠላውን ጫፍ ጨበጥ አደረገች። "የ... የአባትዎ ዋንዛ እንዴት ነው?"

"ቆሟል" አሉ እትዬ አደሴ። "አብቧል። ወፍም ሰፍሮበታል።"

ዓይኗን ገለጠች። ከታች፣ ዋንዛው በነበረበት፣ የመጋዘኑ ቆርቆሮ ያብረቀርቃል። እንባዋ ዱብ ዱብ አለ።

"ያውቁ ነበር?"

"በተቆረጠ ማግስት ዱሬሳ ነግሮኛል። ባይነግረኝስ? ለዳቦውም ለሳሙናውም ወላሂ የምትይ ሴት፣ ከዚያ ወዲህ ለዋንዛው አንድ ቀን ወላሂ ብለሽ ታውቂያለሽ?"

"ታዲያ ለምን ዝም አሉኝ?"

"አንቺ ስትነግሪኝ ያብብልኝ ነበራ! ደግሞስ ምን ዓይነት ሰው ነሽ? ያ ከዚያ ወዲህ የምትቀመጪበት አዲሱ በርጩማ ከምን የተሠራ መሰለሽ? ዱሬሳ ከግንዱ አስጠርቦ ያመጣልኝ ነው። እሱ ላይ ተደላድለሽ ቁጭ ብለሽ 'ቆሟል' ትይኛለሽ!"

ሐጀራ እያለቀሰች ሳቅ አፈናት። እትዬ አደሴም ሳቁ፤ ስቀው ሲበቃቸው እጃቸውን ወደ ላይ ዘረጉ።

"አምላኬ፣ ዓይኔን ስለመለስክልኝ ተመስገን። እስኪመለስልኝ ድረስም ይቺን ስለሰጠኸኝ ተመስገን።"

ሐጀራ እንደ ልማዷ "ይተዉት" ልትል አፏን ከፈተች። አላለችም። "አሚን" አለች። ከዚያ፣ እትዬ አደሴ የጽጌን ጾም ስለያዙ፣ ቅቤ ሳታስነካ የሠራችውን ድንች ከፈተችና አብረው በሉ።

በሚቀጥለው ቅዳሜ እንቁላሏን ይዛ ስትገባ በርጩማውን አይታ ቆመች። መቀመጥ ፈራች።

"ተቀመጪ እንጂ! አባቴ የተከለው ሰው እንዲያርፍበት ነው" አሉ እትዬ አደሴ።

ቀስ ብላ ተቀመጠች።

"እህስ? የአባቴ ዋንዛ እንዴት ነው?"

ሐጀራ የበርጩማውን ጠርዝ በመዳፏ ዳበሰችው።

"ቆሟል" አለች። "ወላሂ!"