የእትዬ ግራ እጅ

እትዬ ታላቅ እህቴ ናት። መጋረጃ ትሰፋለች፤ የሰፋችውንም ራሷ መሰላል ላይ ወጥታ ትሰቅላለች። ባልም ልጅም የላትም፤ ያለኋት እኔ ብቻ ነኝ። የግራ ጡቷን በኦፕራሲዮን ሲያወጡላት ፈቃድ ወስጄ ቤቷ ገባሁ።

ከሆስፒታል ስንወጣ ነርሷ አንድ ወረቀት ሰጠችኝ። ከኦፕራሲዮኑ ማግስት ጀምሮ ክንዷን በቀን ሦስት ጊዜ ቀስ እያለች እንድታነሳ ይላል። ብብቷ ሥር ያለውን ስፌት አየሁ፤ ጎኗ ላይ የተሰካውን ቱቦም አየሁ። ይህን የጻፈ ሰው ቁስሉን አላየውም ብዬ ወረቀቱን አጥፌ መሳቢያ ውስጥ ከተትኩት።

ከዚያ በኋላ ያቺን እጅ ለምንም ነገር አላስነሳኋትም። ክንዷን በሻርፕ ከደረቷ ጋር አሰርኩላት። ጸጉሯን አበጠርኩ፣ የሸሚዟን ቁልፎች ቆለፍኩ፣ ውሃውን አፏ ድረስ አደረስኩ።

«ሞግዚት» ትለኝ ጀመር። «ሞግዚት፣ ወተቴን ጠጥቻለሁ፤ አስገሺኝ እንጂ።»

«ዝም ብለሽ ተኚ፣ እትዬ።»

በስድስተኛው ሳምንት ለጨረር ሕክምና ሄድን። ባለሙያዋ ጠባብ አልጋ ላይ አስተኛቻትና «ሁለቱንም እጆችዎን ከራስዎ በላይ ያድርጉልኝ» አለቻት። ቀኙ ሄደ። ግራው ከደረቷ ጥቂት ከፍ ብሎ ቆመ። ባለሙያዋ ልታግዛት ስትሞክር እትዬ ሰምቼው የማላውቀው ድምፅ አወጣች።

«ክንድዎ ካልተነሳ ጨረሩን ቦታው ላይ ማድረስ አንችልም። ሩብ ሰዓት ያህል ሳይንቀሳቀሱ እንዲህ መቆየት አለብዎት።»

የአራት ሳምንት ቀጠሮ ሰጥታ ወደ ፊዚዮቴራፒ ላከችን። በሩ ጋ ስንደርስ ለእኔ ብቻ ድምጿን ዝቅ አድርጋ «ከዚያ በላይ ባይዘገይ ጥሩ ነው» አለችኝ።

ፊዚዮቴራፒስቱ ወፈር ያለ፣ ተረጋግቶ የሚናገር ሰው ነው። ክንዷን ይዞ ወደ ላይ፣ ወደ ጎን፣ ወደ ኋላ ሞከረው። እሷ ብትለቅለትም እጇ አልሄደም።

«ትከሻዎ ደርቋል» አላት። «መገጣጠሚያውን የሚያቅፍ ስስ ሽፋን አለ። ሳይንቀሳቀስ ሲከርም ይወፍራል፣ ይኮማተራል። ማስገደድ ያባብሰዋል፤ መተውም ያባብሰዋል።»

«ታዲያ ምን ቀረኝ?»

«ማባበል።»

«እኔን ማን አባብሎኝ» አለች።

መጀመሪያ ሙቅ ፎጣ። ከዚያ ጎንበስ ብሎ ክንድን እንደ ተንጠለጠለ ገመድ ማወዛወዝ፤ ቀጥሎ ግድግዳ ፊት ቆሞ በጣቶች ወደ ላይ መራመድ። ትንሽ ትንሽ፣ በቀን ብዙ ጊዜ። እንዲህ ያለው ትከሻ እስኪለቅ ብዙ ጊዜ ዓመት፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ ይፈጃል አለን። እኛ ያለን አራት ሳምንት ነበር።

«ከሆስፒታል ሲወጡ የእንቅስቃሴ ወረቀት አልሰጡዎትም?»

«ምንም አልሰጡንም» አለች እትዬ።

እኔ ጫማዬን አየሁ።

ቤት ውስጥ ከመኝታ ቤቱ በር አጠገብ ያለውን ግድግዳ መረጠች። ሁለት ጣቶቿ እንደ ጉንዳን እየተከታተሉ ይወጣሉ፤ የቆሙበት ላይ በእርሳስ መስመር አሰምርና ቀኑን እጽፋለሁ። የመጀመሪያው ቀን መስመር አገጯ ትክክል ነበር። በአሥረኛው ቀን ሦስት ጣት ያህል ከፍ ብሏል።

«አትይኝ» ትለኛለች ላብ በግንባሯ እየወረደ። «ስታይኝ ይብስብኛል።»

በአሥራ አንደኛው ቀን ነገርኳት።

«ወረቀት ነበር፣ እትዬ። ሰጥተውኝ ነበር። እኔ ነኝ የደበቅኩት።»

ጣቶቿ ባሉበት ቀሩ። ወደ እኔ አልዞረችም።

«ምን ይላል?»

«እጅሽን አንሺ ይላል። ከማግስቱ ጀምሮ።»

«አንቺስ ምን ብለሽ ነው?»

«ስፌቱ የሚተረተር መስሎኝ።»

 «እርሳሱን አምጪ» አለችኝና መስመሩን አሰመርኩ።

ሁለት ቀን አላናገረችኝም። ሞግዚት ማለቷም በዚያው ቀረ። ሸሚዟን ለመልበስ ሃያ ደቂቃ ስትታገል እጆቼን ኪሴ ከትቼ በሩ ላይ እቆማለሁ፤ እንዳላግዛት ፊዚዮቴራፒስቱ ነግሮኛል። የኪሴን ገበር በጣቶቼ ስጠመዝዝ ቀደድኩት።

በሦስተኛው ቀን ከመታጠቢያ ቤት ጠራችኝ። በግራ እጇ ማበጠሪያ ይዛ፣ ጸጉሯን ለሁለት ከፍላ መስታወቱ ፊት ቆማለች።

«ጠሟል?»

«ትንሽ።»

«ተዪው።»

በቀጠሮው ቀን እጇ ወደ ላይ ሄደ። ይንቀጠቀጣል፤ ሙሉ በሙሉም አልተዘረጋም። ባለሙያዋ ክርኗ ሥር ትራስ አደረገችላትና «ይበቃናል» አለች። እትዬ አልጋው ላይ እንደተኛች ሳቀች፤ እንባዋ ወደ ጆሮዋ ይወርዳል። ጨረሩ ከመጀመሩ በፊት ግን፣ ሕክምናው በመዘግየቱ፣ አዲስ ምርመራ ታዘዘ።

ከሳምንት በኋላ ሐኪሙ ጠራን። ጉበቷ ላይና የጀርባ አጥንቷ ላይ ያየውን በቀስታ ነገረን። ጨረሩ ይቆያል፤ በመድኃኒት ነው የሚጀመረው።

«እጄን ማንሳት አያስፈልገኝም ማለት ነው?» አለች እትዬ።

«ለዚህ አያስፈልግም።»

«በመዘግየቱ ነው?» አልኩት እኔ።

«እንደዚያ ማለት አይቻልም። ቀድሞም የነበረ ሊሆን ይችላል።»

እትዬ ቦርሳዋን አነሳችና «ነይ እንሂድ፤ ሌላ ሰው ይጠብቃል» አለችኝ።

አውቶቡሱ ሞልቶ ነበር። አንዲት ሴት ተነስታ «እዚህ ይቀመጡ» ስትላት እትዬ «ተባረኪ፣ ደህና ነኝ» አለችና በግራ እጇ የላይኛውን ብረት ያዘች። አውቶቡሱ በታጠፈ ቁጥር ፊቷ ይኮማተራል። ከኋላዋ ሆኜ ወገቧን ልይዛት እጄን ዘረጋሁ።

«አትያዢኝ» አለች ሳትዞር።

በየፌርማታው ሰው እየወረደ ወንበሮቹ ባዶ ሆኑ። እሷ ብረቱን አልለቀቀችም። እኔም አጠገቧ ቆሜ ሄድኩ።