የድንቢጥ ሕመም ፍቺ

የድንቢጥ እናት ዱሮም ቶሎ ግራ የሚገባት ሰው ነበረች። ትምህርት ከጀመረች ወዲህ ግን ግራ መግባቷ ራሱ ግራ ያጋባት ጀመር። «ግራ ገባኝ» ብላ በቀላሉ ታልፈው የነበረውን አሁን የምትተኩሰውን ሸሚዝ ትታ ታስበዋለች። ግራ በየት በኩል ነው የሚገባው? ገብቶስ የት ነው የሚቀመጠው? ቀኝስ ምን በደለና ቀረ?

ጥፋቱ የመምህሩ ነው። እሷ ወደ ጎልማሶች ትምህርት የሄደችው የመድኃኒት ብልቃጥ ላይ የተጻፈውን ለማንበብ፣ ልጇ «እማዬ፣ ይሄ ምን ይላል?» ስትላት መነጽር እንደጠፋበት ሰው ላለመርበትበት ነበር። ፊደሉን እንደምንም ታግላ ያዘችው። ገና እፎይ ከማለቷ መምህሩ ዘይቤ የሚባል ነገር አመጣ።

«‹እንደ› ብላችሁ አንዱን ነገር ከሌላው ካስተያያችሁ አነጻጻሪ ዘይቤ ነው» አለ መምህሩ። «‹ልጄ እንደ ድንቢጥ ናት› እንደማለት። ‹እንደ›ን አውጥታችሁ ስትጥሏት ደግሞ ‹ልጄ ድንቢጥ ናት› ትላላችሁ፤ እሱ ተለዋጭ ነው። ግዑዙን እንደ ሰው ካስኬዳችሁት ሰውኛ፣ ነገሩን ከልክ በላይ ከነፋችሁት ግነት።»

የድንቢጥ እናት ደነገጠች። ልጇን ድንቢጥ ያለቻት እጇ ላይ የምትጠፋ ትንሽዬ ሆና ስለተወለደችና አፍ ከፈታች በኋላም ዝም ማለት ስለማትችል ነው እንጂ ተለዋጭ መሆኗን አታውቅም ነበር።

«መምህር» አሉ ከኋላ የሚቀመጡት ዘበኛ፣ «እኔ ‹ሚስቴ ነብር ናት› ብል የትኛው ነው?»

«ተለዋጭ።»

«አይ፣ እርስዎ አላወቋትም! ምኗም አልተለወጠም።»

ክፍሉ በሳቅ ተናጋ። መምህሩ ጠረጴዛውን መታ መታ አድርጎ ቀጠለ። «ዘይቤውን ካወቃችሁ በኋላ ፍቺውን በቀላል አማርኛ መናገር አለባችሁ። ዘይቤ ልብስ ነው። አውልቃችሁ ውስጡን አሳዩኝ።»

የድንቢጥ እናት እጇን አወጣች። «ይቅርታ መምህር፤ ‹ዘይቤ ልብስ ነው› ያሉት ራሱ ተለዋጭ አይደለም?»

መምህሩ አገጩን አሸት አሸት አደረገ። «ነው።»

«ታዲያ እሱስ ሲወልቅ ውስጡ ምንድን ነው?»

«እሱ ሲወልቅ» አለ መምህሩ በሩን እያየ፣ «ሰዓታችን ያልቃል።»

እሷ ግን የሰጧትን ሥራ እንደዋዛ የምትይዝ ሰው አይደለችም። በምትሠራበት ላውንደሪ አንሶላ ስትተኩስ የሰው ወሬ በጆሮዋ በገባ ቁጥር በየዓይነቱ ትመድባለች። አለቃዋ «ዛሬ ሥራው ገደለን» ሲል ግነት። የሥራ ጓደኛዋ «ይቺ ካውያ ዛሬ ኩርፊያ ላይ ናት» ስትል ሰውኛ። ከዚያ እያንዳንዱን በቀላል አማርኛ ትፈታለች፦ ሥራ በዛ፤ ካውያው አልሞቀም። ፍቺው ሲገኝ ደስ ይላት ነበር፤ የተጨማደደ አንገትጌ እጥፍጥፉ ሲፈታላት ደስ እንደሚላት።

ድንቢጥ ከትምህርት ቤት ስትመለስ ወደዚያው ወደ ላውንደሪው ነው የምትመጣው። አባቷ የጭነት መኪና ሹፌር ነው፤ ከሄደ ይሰነብታል። ልጅቷ ታጥፎ በተከመረው አንሶላ አጠገብ ተቀምጣ ካልሲ ከካልሲ ታጣምራለች፣ ታወራለች፣ ትዘፍናለች። አንድ ቀን ወሬዋን መሐል ላይ ቆርጣ እጇን ደረቷ ላይ ጣል አደረገች። ፊቷ አመድ መሰለ።

«እማዬ፣ ማሽኑ ተነሳ።»

እናትየዋ ዞር ብላ ትልቁን ማጠቢያ አየችው። «ማሽኑማ ጠፍቷል፣ የእኔ እናት።»

«የእሱ አይደለም። የእኔ ነው። ሊጨምቅ ተነሳ።»

ካውያውን አስቀምጣ ሮጠች። ደረቷን ስትዳስሰው እጇ ሥር የሆነ ነገር ይንቀጠቀጣል። ውኃ ልታመጣ ተነሳች፤ ይዛ ስትመለስ ድንቢጥ «ቀጥ አለ» ብላ ካልሲዋን ማጣመር ቀጥላለች። እናትየዋ ብርጭቆውን እንደያዘች በቆመችበት ቀረች። ነገሩ ከዚያ በኋላም ተመላለሰ፤ አንዳንዴ በሳምንት፣ አንዳንዴ በማግሥቱ።

ሐኪም ዘንድ ልትወስዳት ስትነሳ አንድ ሐሳብ ጨምድዶ ያዛት። ሐኪም ፊት ቀርቦ «ልጄ ውስጥ ማሽን ተነሳ» ይባላል? የተማረ ሰው ምን ይለኛል? ስለዚህ የቤት ሥራዋን እንደምትሠራ ሁሉ ቁጭ ብላ ሠራችው። ማሽኑ ተነሳ፦ ተለዋጭ ዘይቤ። ፍቺው፦ ልቧ ይመታል።

«ዶክተር ሲጠይቅሽ ‹ልቤ ይመታል› ነው የምትይው» አለቻት ልጅቷን ፀጉሯን እየሠራቻት።

«ማሽኑስ?»

«ሐኪም ፊት እንደ ሕፃን አይወራም።»

«እኔ ሕፃን አይደለሁም እንዴ?»

«ነሽ። ቢሆንም።»

ሐኪሟ ወጣት ናት፤ ዓይኗ ሥር ድካም አለ፤ በር ላይ ብዙ ሰው ይጠብቃታል። «ምን ሆና ነው?» አለች።

«ልቧ ይመታል፣ ዶክተር።»

«ካልመታማ ነው ጉዱ፣ እናቴ» ብላ ፈገግ አለች ሐኪሟ። ማዳመጫውን የልጅቷ ደረት ላይ አድርጋ ቆየች፤ ጀርባዋን አዳመጠች፤ ጥፍሯን አየች። «አሁን ምንም የለባትም። ልጅ ስትሮጥ፣ ስትደነግጥ ልቧ ይመታል። አይጨነቁ፤ ምግቧን ትብላ፣ በደንብ ትተኛ።»

«አይጨነቁ» የተባለ ሰው ጭንቀቱን የት እንደሚጥለው አይነገረውም። የድንቢጥ እናት ይዛው ወደ ቤቷ ተመለሰች።

ከዚያ ወዲያ ነገሩ ሁሉ ተደበላለቀባት። ምንም የለባትም ከተባለ፣ ታዲያ የልጅቷ ነገር ግነት ይሆን? የሒሳብ ፈተና ስላለባት ይሆን? አንድ ጠዋት ድንቢጥ ጫማዋን ለማሰር ጎንበስ ብላ ቀና ስትል «ተነሳ» ስትላት፣ «አንቺ ልጅ፣ ማጋነን ተይ!» ብላ ተቆጣቻት። ልጅቷ ምንም አልመለሰችም። ግድግዳውን ተደግፋ፣ ከንፈሯ ነጥቶ፣ እስኪያልፍላት ጠበቀች። ያ ዝምታ የእናትየዋን አንጀት ቆረጠው። ድንቢጥ ዝም ብላ አታውቅማ።

የዚያን ዕለት ከክፍል በፊት መምህሩን ኮሪደር ላይ ያዘችው። «መምህር፣ አንድ ሰው ስለ ደረቱ ‹ማሽኑ ተነሳ› ቢል የትኛው ነው?»

«ቆንጆ አባባል ነው! አንቺስ ምን አልሽው?»

«ተለዋጭ።»

«ፍቺውስ?»

«ልቡ ይመታል።»

«ጎበዝ! ትክክል ነሽ» አላት መምህሩ፤ ከልቡ ደስ ብሎት ነው የተናገረው።

ትክክል መሆኗን ስትሰማ ይብስ ግራ ገባት። ልጅቷ አልዋሸችም፣ ሐኪሟ አልተሳሳተችም፣ እሷም ትክክል ናት። ሁሉም ትክክል ከሆነ ያቺ የነጣች ከንፈር ከየት መጣች? ትምህርቱን ትታ ተመለሰች፤ በማግሥቱም ልጇን ይዛ እዚያው ሐኪም ዘንድ ተሰለፈች።

ሐኪሟ አስታወሰቻቸው። ዛሬ ወንበሯን ሳብ አድርጋ ጠየቀች። «እሺ እናቴ፣ ሲጀምራት ቀስ በቀስ ነው ወይስ ድንገት? ሲተዋትስ?»

የድንቢጥ እናት አፏን ከፈተች። «ልቧ ይመታል» የሚለውን ቃል ከላይ እስከ ታች በረበረችው፤ ውስጡ መጀመሪያም የለው፣ መጨረሻም የለው። እንደ ታጠበ ቀሚስ ኪሱ ባዶ ነው። ወደ ልጇ ዞረች። «ንገሪያቸው እስቲ።»

ድንቢጥ ቀጥ ብላ ቆማ፣ ክፍል ውስጥ እንደምታነበው አድርጋ «ልቤ ይመታል» አለች።

«እንደሱ ሳይሆን፣ እንደ በፊቱ።»

«በፊቱ እንዴት ነበር?»

«የማሽኑን ነዋ!»

ድንቢጥ ሐኪሟን አየች፤ እናቷን አየች። «እንደ ሕፃን አይወራም ብለሽ የለ? ማጋነን ተይ ብለሽ የለ?»

እናትየዋ ፊቷ ጋለ። የልጇን ቃል አውልቃ የት እንደጣለችው አሁን ገና ታያት። መሬት ቢከፈት ደስ ባላት፤ መሬት ግን ያን ለመሰለ ነገር አይከፈትም። ብድግ አለች። ሁለት እጇን የሐኪሟ ጠረጴዛ ላይ አሳርፋ፣ ትከሻዋን እያወዛወዘች፣ «እም… እም… እምምም…» ማለት ጀመረች። በሩ ላይ የቆሙት ሰዎች አንገታቸውን አሰገጉ።

«እማዬ፣ ኧረ አይደለም!» ድንቢጥ ሳቋ አመለጣት። «አንቺ ማጠቡን እኮ ነው የምታደርጊው! እኔ መጭመቁን ነው ያልኩት።»

«መጭመቁ እንዴት ነው?» አለች ሐኪሟ።

«መጭመቁ ቀስ ብሎ አይነሳም። መጀመሪያ ዝም ነው። ከዚያ ቀጭ ይላል፤ በአንዴ ዝዝዝዝ! ውኃ ብጠጣም፣ ብቀመጥም አይቀንስም። ራሱ እስኪጨርስ ነው። ከዚያ ቀጭ፤ ቀጥ!»

ሐኪሟ አልሳቀችም። በሁለት ጣቷ ጠረጴዛውን መታ መታ አደረገች። «እንዲህ ይፈጥናል?»

«ይፈጥናል።»

«እንዲህስ?»

«ከሱም።»

ጣቶቿ እስኪደክማቸው መታች። «አዎ! እሱ ነው» አለች ድንቢጥ።

«ምን ስታደርጊ ነው ቀጭ የሚለው?»

«እንጃ። አንዳንዴ ጎንበስ ብዬ ቀና ስል።»

ሐኪሟ ልጅቷን ወደ ጎረቤት ክፍል ወሰደቻት። አስተኝተው ደረቷና እጅ እግሯ ላይ ሽቦ ለጠፉ። የድንቢጥ እናት ከመሣሪያው ሥር እየተንፏቀቀ የሚወጣውን ወረቀት አየች። ሞገድ ሞገድ የመሰለ መስመር ነው። ፊደል ቢሆን ኖሮ ታግላ ታነበው ነበር። ሐኪሟ ግን አንዱ ጋ ጣቷን አስቀምጣ ቆየች።

«ይኸውልዎት» አለች በመጨረሻ። «ልብ ውስጥ ኤሌክትሪክ የሚሄድበት መንገድ አለ። እሷ ስትፈጠር አንድ ትርፍ አቋራጭ አብሯት ተፈጥሯል። አንዳንዴ ኤሌክትሪኩ በአቋራጩ ይገባና ዙሪያውን እየዞረ መውጫ ያጣል።»

የድንቢጥ እናት ጣቷን ወረቀቱ ላይ አደረገች። «ዶክተር፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ። ይሄ ዘይቤ ነው ወይስ እውነት?»

«እውነት ነው እንጂ! መንገዱ…» አለች ሐኪሟ። «እርግጥ መንገድ ስንል ሥጋ ነው። ቀጭን ሥጋ።»

«መንገድ አይደለም ማለት ነው?»

«መንገድ ነው። ግን መንገድ አይደለም።» ሐኪሟ መነጽሯን አውልቃ ዓይኗን አሸች። «ሌላ ስም የለንም፣ እናቴ። እኛም ስንማር አቋራጭ ብለው ነው ያስተማሩን።»

«ይገድላታል?»

«የሚድን ነው። እስኪታከም ግን መጠንቀቅ አለባት። የልብ ሐኪም ዘንድ እልካችኋለሁ። መድኃኒት አለ፤ አቋራጩን የሚዘጉበት ሕክምናም አለ።»

ከሰማችው ግማሹ ብቻ ነው የገባት። ልማዷ ሆኖ ወደ ልጇ ዞረች። «ምንም አልሆንሽም አለችሽ» ልትላት ቃሉ ምላሷ ላይ ደርሶ ነበር። ዋጠችው።

«ለእሷ ይንገሯት» አለች ሐኪሟን። «እኔ የተናገርኩ እንደሆነ አበላሸዋለሁ።»

ድንቢጥ አልጋው ጫፍ ላይ እግሯን አንጠልጥላ ሁሉንም ሰምታ ኖሯል። «አቋራጩን ሲዘጉት» አለች፣ «ውስጡ የነበረው ኤሌክትሪክ የት ይሄዳል?»

የድንቢጥ እናት ጥያቄው ከየትኛው ዓይነት እንደሚመደብ አላወቀችም። አልጠየቀችምም። የልጇን ሹራብ ደረቷ ላይ ይዛ ቆመች፤ ሐኪሟም አንድ ወንበር ወደ ልጅቷ ስባ ልትመልስላት ተቀመጠች።