ነጭ ክር የታሰረበት ጣሳ

በዚያ ቤት በየሦስት ወሩ አንድ እሑድ ዘመድ ይሰበሰባል፤ ሲሰበሰብም የሚበላው ድንች በቺዝ ነው። ስስ ተደርጎ የተቆረጠ ድንች ጎድጓዳ የመስታወት ትሪ ላይ ይደረደራል፣ በቅቤ፣ በወተትና በዱቄት የተማሰለ ነጭ ስጎ ይፈስበታል፣ ቺዝ ይፈቀፈቅበታል፤ እንደገና ድንች፣ እንደገና ስጎ፣ ከላይ ቺዙ እስኪጠግብ ይነሰነስበትና ኦቭን ውስጥ ይገባል። ሌላ ምግብ ይዞ መምጣት ነገር መፈለግ ነው። አንድ ጊዜ የቤቱ እናት ምራት ሩዝ ሠርታ መጥታ ነበር፤ እናትየው እጅ ነስታ ተቀበለቻትና ማንም ሳያይ ፍሪጅ ውስጥ ወሸቀችው። ሩዙ እዚያው ሻገተ።

ሌላም ሕግ አለ። ስጎው በሚማሰልበት ሰዓት ወጥ ቤት ሰው አይገባም። እናትየው በሩን ከውስጥ ትቀረቅራለች። «ሰው ያየው ስጎ ይጓጉላል» ትላለች። ልጆቿ በልጅነታቸው አመኗት፣ ሲያድጉ ሳቁባት፣ ግን አንዳቸውም በሩን ደፍረው አያውቁም።

የመጨረሻዋ ልጅ ልብስ ሰፊ ናት። ሠላሳ ስምንት ዓመቷ ነው፣ አላገባችም፣ ከእናቷ ጋር ትኖራለች፤ የስፌት መኪናዋም ሳሎን መስኮቱ ሥር ተቀምጧል። የእናትየው ዓይን ከደከመ ወዲህ የወጥ ቤቱን ጣሳዎች በክር የለየችላት እሷ ናት። ጣሳዎቹ ድሮ የወተት ዱቄት የነበረባቸው፣ ወረቀታቸው የተላጠ፣ ሁሉም አንድ ዓይነት ናቸው። አንገቱ ላይ ነጭ ክር የታሰረበት የስንዴ ዱቄት ነው፤ ሰማያዊው ስኳር፣ ቢጫው ጨው፣ አረንጓዴው ምስር። ቀዩ የበረሮ መድኃኒት ነው፤ እሱ መደርደሪያ ላይ አይወጣም፣ ቦታው ከሲንኩ ሥር ነው። መርዝ በምግብ ጣሳ ማስቀመጥ የጤና እንዳልሆነ ማንም ይነግራችኋል። ግን ሲገዛ የነበረበት ፌስታል ተቀደደ፣ ባዶ ጣሳ ተገኘ፣ ለጊዜው ተብሎ ገባ። በዚያ ቤት ደግሞ ለጊዜው የተባለ ነገር ዕድሜው ረጅም ነው።

ካለፈው ዓመት ጀምሮ እናትየው መርሳት ጀምራለች። ነጠላ ጫማዋ ፍሪጅ ውስጥ ተገኘ። አንድ ቀን ጎረቤቷን በር ላይ አቁማ «ማን ልበል?» አለቻት፤ ሃያ ዓመት አብረው የኖሩትን ሴትዮ! ልብስ ሰፊዋ ይህን ሁሉ ደበቀች። ሙያዋ ቀዳዳ መጣፍ ነውና ጣፈች፤ «እኔ ነኝ ጫማውን የከተትኩት» እያለች፣ እየሳቀች። አንዱን ግን መጣፍ አልቻለችም። ታላቅ ወንድሟ ሳይታሰብ መጥቶ ጋዙ ተከፍቶ፣ እሳት ሳይለኮስበት፣ ቤቱ ሸትቶ አገኘው።

ወንድምየው መኪና መንዳት ያስተምራል። ዘመድ ሁሉ «ፍሬን» ይለዋል፤ ሰው ሊያገባ ሲነሳ፣ ቤት ሊቀይር ሲያስብ፣ ቀድሞ የሚረግጠው እሱ ስለሆነ። የዚያን ቀን መስኮቶቹን ሁሉ ከፋፈተና እህቱን ደጅ አወጣት።

«እናቴም አይደለች? አንጀቴ አይችልም። ግን አንድ ነገር ብትደግም፣ አንድ ብቻ፣ አረጋውያን መጦሪያ ነው የምወስዳት። ቦታ ይዣለሁ።»

«ወንድም ጋሼ፣ ከዚህ ቤት ከወጣች እኮ ወር አትቆይም።»

«እሳት ከተነሳ ሁለታችሁም አንድ ቀን አትቆዩም» አላት።

ከዚያ ቀን ወዲህ ልብስ ሰፊዋ የምትፈራው ይህንን ብቻ ነው። እናቷ ያቺን አንድ ነገር እንዳትደግም፣ ብትደግም ደግሞ ማንም እንዳያይ።

ዘመድ ሊመጣ አንድ ቀን ሲቀረው፣ ቅዳሜ ከሰዓት፣ ያለቀ ቀሚስ አድርሳ ስትመለስ ወጥ ቤቱ ጠረጴዛ ላይ አምስት ጋዜጣ ተነጥፎ አገኘች። በየጋዜጣው ላይ አንዳንድ ክምር። ጣሳዎቹ ታጥበው ተደፍተዋል፤ ክሮቹ ልብስ ማስጫው ገመድ ላይ ተሰጥተዋል። ከአምስቱ ክምሮች ሁለቱ ድፍን ነጭ ዱቄት ናቸው።

«እማዬ፣ ምን እያደረግሽ ነው?»

«ዘመድ መጥቶ ቆሻሻችንን አይቶ ይሳቅብን? ሲደርቁ እመልሳቸዋለሁ።»

«ቆይ እኔ ልመልሳቸው።»

«ሕፃን አደረግሽኝ እንዴ?» አለች እናትየው። ድምፅዋ ውስጥ ልቅሶ ነበረበት። ልብስ ሰፊዋ ያን ልቅሶ ፈርታ ወደ ስፌት መኪናዋ ተመለሰች።

አመሻሹ ላይ አምስቱም ጣሳዎች መደርደሪያው ላይ ተደርድረዋል፣ ክሮቹ በእናትየው አስተሳሰር በሁለት ቋጠሮ ታስረዋል። ቀዩም አብሯቸው ተቀምጧል። ልብስ ሰፊዋ እሱን አንስታ ከሲንኩ ሥር ከተተችው። ክዳኑን ልትከፍት እጇን ስትሰድ እናቷ በሩ ላይ ቆማ ታያታለች።

«ምን ትፈልጊያለሽ?»

«ምንም» አለች። ጠዋት በማለዳ ተነስቼ አየዋለሁ ብላ ተኛች።

ጠዋት ስትነቃ ግን የወጥ ቤቱ በር ተቀርቅሯል።

ከውጭ ሆና ጆሮዋን ቀሰረች። የቅቤው ሽታ መጣ፤ ቀጥሎ የወተቱ። ማንኪያው ድስቱን እየፋቀ ይዞራል። ስጎው ሁልጊዜ አንድ ጉርድ ቀሚስ ከታች ዘምዝማ እስክትጨርስ ይደርሳል። የዛሬው አንዱን ዘምዝማ ሁለተኛውን አጋምሳም አልደረሰም። ማንኪያው ይቆማል፣ ክዳን ይንኳኳል፣ ደግሞ ይዞራል።

«እማዬ፣ ደህና ነሽ?»

«አትነዝንዥኝ! ልጨርስ ነው።»

በሩ ሲከፈት ትሪው ኦቭን ውስጥ ገብቷል። የእናትየው ግንባር በላብ ርሷል፤ ልብስ ልትቀይር ወደ ጓዳ ገባች። ልብስ ሰፊዋ ገብታ ምድጃው አጠገብ ሁለት ጣሳዎች ክዳናቸው ተከፍቶ አየች። ባለነጩና ባለቀዩ። ከሲንኩ ሥር ባዶ ነው።

ከሁለቱም ቆንጥራ በጣቶቿ መሃል አሸችው። በባለቀዩ ጣሳ ውስጥ ያለው ለስላሳ ነው፣ እጅ ላይ ይለጠፋል፤ የስንዴ ዱቄት። በባለነጩ ውስጥ ያለው ሲያሹት ይሻክራል። እናቷ ስትመልስ አቀያይራቸዋለች፤ ዱቄት መሆን ባለበት ጣሳ ውስጥ ያለው የበረሮ መድኃኒት ነው። ሁለቱም ላይ ደግሞ ማንኪያ ያጎደጎደው ምልክት አለ።

እጇን ሦስት ጊዜ ታጠበች። ከዚያ ጓዳ ሄዳ በሩ ላይ ቆመች።

«እማዬ፣ ስጎው ውስጥ ምንድን ነው የጨመርሽው?»

«ምን እጨምራለሁ? ዱቄት ነዋ!»

«ከየትኛው ጣሳ?»

«ከዱቄቱ ጣሳ! አንቺም እንደ ወንድምሽ ጀመርሽኝ?» እናትየው የሹራቧን ቁልፍ አዛንፋ ቆልፋዋለች። ልጅቷ ጎንበስ ብላ ቁልፉን አስተካከለችላት። ያኔ ውጭ የመኪና ጥሩምባ ተነፋ።

መናገር ነበረባት። ሰው ቢጠይቃት ራሷም ይህንኑ ትላለች። ግን ወደ ኦቭኑ ሄዳ በመስታወቱ አየች፤ ስጎው ወፍሯል፣ ቺዙ ሥር ወፈር ብሎ ይንተከተካል። መድኃኒት ደግሞ ስጎ አያወፍርም። ዱቄት ገብቶበታል ማለት ነው። እናቴ ባለነጩን ከፍታ፣ አይታ፣ ደንግጣ ባለቀዩን ተጠቅማለች ብላ ራሷን አሳመነች። ሰው የቸገረው ጊዜ ራሱን ለማሳመን ጠበቃ አያስፈልገውም። ሁለቱን ጣሳዎች በፌስታል ጠቅልላ ከስፌት መኪናው ጀርባ ደበቀቻቸው።

እንግዶቹ ገቡ። ፍሬን፣ ሚስቱ፣ የአምስት ዓመት ልጃቸው ሚጢጢ፣ የእናትየውም ወንድም። አጎትየው ጡረታ የወጣ ፀጉር አስተካካይ ነው፤ ለድንች ሲል ቁርስ ሳይበላ የሚመጣ።

«ሽታው ከመንገዱ ጫፍ ነው የተቀበለን» አለ አጎትየው ወንበሩን እየሳበ። «ባለፈው ቸኩዬ ምላሴን ልጦኛል። ዛሬ እስኪበርድ ሽማግሌ ሆኜ እጠብቃለሁ።»

«ሽማግሌ ለመሆን ገና ዛሬ ወሰንክ?» አለው ፍሬን፤ ሁሉም ሳቁ።

ትሪው ጠረጴዛው ላይ ተቀመጠ። ቺዙ ከላይ ቡናማ ሆኖ ጠርዙ ላይ ከርሯል፤ ከዚህ በፊት እንዲህ ያማረበት ጊዜ የለም። ልብስ ሰፊዋ ማላብ ጀመረች። እናትየው ቢላዋውን ሰካች። በቤቱ ልማድ መጀመሪያ የሚወጣው ለትንሿ ነው፤ ቀጥሎ ለትልቁ። ለሚጢጢ አወጣች፣ ቺዙ እንደ ክር ተስቦ ሳህኑ ላይ ወደቀ። ለአጎትየው አወጣች። አጎትየው እንዳለው ጠበቀ።

ልብስ ሰፊዋ የእናቷን ፊት አየች። እናትየው ቢላዋውን እንደያዘች ቆማለች፤ የምታየው ትሪውን አይደለም። የሚጢጢን ሳህን ነው የምታየው። ከንፈሯ ነጥቷል። ያን ፊት ልብስ ሰፊዋ ከዚህ በፊት አይታው አታውቅም፣ ግን ምን እንደሆነ ወዲያው ገባት። ለምን ያህል ጊዜ እንዳየቻት አታውቅም፤ ረጅም መሰላት።

ከዚያ ተነሳች። የሚጢጢን ሳህን ነጠቀች፣ በክርኗ ትሪውን ገፋችው። ትሪው ከጠረጴዛው ተንሸራቶ ሲሚንቶው ላይ ተከሰከሰ።

«ውይ! እጄን አቃጠለኝ!» አለች። «ማንም እንዳይነካ! ብርጭቆ ነው፣ ስብርባሪ ተፈናጥሯል። አጎቴ፣ ያንተንም ስጠኝ።»

አጎትየው ሳህኑን ያስረከበው ልጁን የሚቀብር ያህል አዝኖ ነው። ምራትየው መጥረጊያ ፈለገች። ፍሬን ራሱን ነቀነቀና «እኔ እኮ እናቴን ነበር የምጠረጥረው» አለ፤ አጎትየውም ሆዱ እየጮኸበት ሳቀ። ዳቦና ማርማላታ ቀረበ። ነገሩ አለፈ። ልብስ ሰፊዋ ስብርባሪውን በባልዲ ይዛ ወጥ ቤት ገባች፤ እናቷ ተከተለቻትና በሩን ቀረቀረች።

«እንኳን ጣልሽው» አለች እናትየው በሹክሹክታ።

ልጅቷ ዞር ብላ አየቻት።

«መጀመሪያ ከነጩ ነው የጨመርኩት። ባማስለው ባማስለው ውሃ ሆኖ ቀረ። ግራ ሲገባኝ ቀዩን ከፈትኩ፤ ዱቄቱ እዚያ ነው። እሱን ስጨምርበት ወፈረ።»

«ታዲያ ያኔ አላወቅሽም? ምን እንደጨመርሽ አልገባሽም?»

«ገባኝ።»

«ለምን አልደፋሽውም፣ እማዬ?»

«ወተቱ አልቋል። እነሱ መንገድ ላይ ናቸው። ድንች የለም ብል ወንድምሽ ምን ይላል? ምን ነካት ይላል፤ ያው ነው፣ ይዞኝ ይሄዳል። ትንሽ ነው አልኩ። በረሮ የሚገድል ነገር ሰው ይገድላል?» እናትየው እንባዋን በሹራቧ እጅጌ ጠረገች። «አንቺስ? ጣሳዎቹን ስትደብቂ አይቼሻለሁ። አንቺም እኮ ዝም ብለሻል።»

ልብስ ሰፊዋ እናቷን ልትጠላት ፈለገች፤ አልቻለችም፣ ምክንያቱም ሁለቱም የፈሩት አንድ ነገር ነው፤ የከፈሉትም በዚያው በሚጢጢ ሳህን። ባልዲውን አስቀመጠች።

«አፈር ስሆንልሽ፣ እንዳትነግሪው» አለች እናትየው ቀሚሷን ይዛ። ልጅቷ የእናቷን ጣቶች አንድ በአንድ አስለቀቀች። እያለቀሰች ነው ያስለቀቀቻቸው።

ሳሎን ገብታ ቆማ ነገረቻቸው። ጣሳዎቹን፣ ክሩን፣ ስጎውን፣ የራሷንም ዝምታ፤ አንዱንም አልጣፈችም። ምራትየው አፏን በእጇ ያዘች። ፍሬን ይጮሃል ብላ ጠብቃ ነበር። አልጮኸም። ዳቦውን አስቀምጦ ጠረጴዛው ዙሪያ የተቀመጡትን አንድ በአንድ አየ።

«ማን ቀምሷል?»

አጎትየው አልቀመስኩም በሚል ራሱን በፍጥነት ነቀነቀ። ምራትየውም ነቀነቀች።

ሚጢጢ አስተማሪዋ እንዳሳየቻት እጇን ቀጥ አድርጋ አወጣች።

«ሁለት ማንኪያ» አለች። «አክስቴ አያቴን ስታይ። በጣም ያቃጥል ነበር፣ ግን ዋጥኩት።» የአክስቷን ፊት አይታ እጇን ቀስ ብላ አወረደች። «ጥፋት ነው?»

ፍሬን ወንበሩን ገልብጦ ተነሳ። የመኪናውን ቁልፍ ሲያነሳ ወደቀበት፤ ሚስቱ አንስታ ሰጠችው፣ ስሙን እየጠራች፣ ፍጠን እያለች። ልብስ ሰፊዋ ሚጢጢን ደረቷ ላይ አቅፋ በባዶ እግሯ ወደ መኪናው ሮጠች፤ የትንሿ አፍ ቅቤና ቺዝ ይሸታል። እናትየው ሹራቧን እንደያዘች እስከ በሩ ተከተለቻቸው።

«እኔም ልምጣ» አለች።

ማንም አልመለሰላትም።