ዘጠና ሰባት ላይ የቆመው ዱአ

«ዘፈኖቹን በአረንጓዴው አፕ ላክልኝ እንጂ ሰውዬ! ብሉቱዝህን ስጠብቅ ልሸብት ነው?» አለ ዱባለ፣ ባጃጁን ከሱቁ በር ላይ ሳያጠፋ።

ሀቢቡ ቀና ሳይል፣ «አረንጓዴው ካንተ ስልክ ጋር አልግባባም ብሏል። ስልክህም እንዳንተ ጭቅጭቅ ይወዳል» አለው።

«በዚያኛውስ? ኮምፒውተርህ ላይ ሁልጊዜ ከፍተህ በምታፈጥበት?»

«እሱ ላንተ አይሆንም።»

«ለምን? እኔ ሰው አይደለሁም?»

«አረንጓዴው ሁለት ስልክ ፊት ለፊት ያገናኛል፤ አቀብሎ ያሰናብታል። ማን እንደሰጠህ ታውቃለህ። ያኛው ግን አንዱን ፊልም ከየሰው ቤት ቁርጥራጩን ለቃቅሞ ነው የሚሰፋው። ካንተም ወስዶ ለማታውቀው ሰው ይሰጣል። ሰጪው ኮምፒውተሩን ካጠፋ ደግሞ ቀዳዳ ይዘህ ትቀራለህ።»

«እንዲህ ከጠላኸው ለምን ከፈትከው?»

ዘፈኖቹ ተልከው ሲያልቁ ሀቢቡ ስልኩን ወረወረለት፤ ዱባለም እየተሳደበ ወደ መናኸሪያው ነዳ።

ቡታጅራ መናኸሪያ አጠገብ ባለችው በዚህች ጠባብ ሞባይል ቤት፣ ጥግ ላይ ባለው አሮጌ ኮምፒውተር ውስጥ አንድ ፋይል ተጎልቷል። የእህቱ የባሂራ ኒካህ ቪዲዮ ነው። ታናሽ ወንድሙ ሙባሪክ ቀርፆት፣ አረብ አገር ያሉት ዘመዶች እንዲያወርዱት በዚያ ፕሮግራም ለቆት ነበር። ሙባሪክ በሕይወት እያለ ሀቢቡ ፋይሉን በዓይኑም አላየው። ልጁ ከተቀበረ በኋላ ነው ማውረድ የጀመረው። ዘጠና ሰባት ከመቶ ደረሰና ቀጥ አለ።

ቪዲዮው ይከፈታል። አባታቸው አቶ ከድሮ መዳፋቸውን ዘርግተው ዱአ ሲያደርጉ ይታያሉ። ሙሽሪትን ባሂራን ይመርቃሉ፤ ሙባሪክን ይመርቃሉ፤ ከዚያ አፋቸው እንደተከፈተ ምስሉ ይደርቃል።

ቀጥሎ መጠራት ያለበት የእርሱ ስም ነው። ካልተጠራስ? ሀቢቡ በዚያች ሰዓት ድንኳኑ ውስጥ አልነበረም።

ያልነበረበትን ምክንያት ደግሞ በልቡ እንደ እሾህ ይዞት ይዞራል። እንግዶች ፎቶ በምን እንላላክ እያሉ ሲከራከሩ ሙባሪክ በሰው ሁሉ ፊት፣ «ሀቢቡ አረንጓዴውን የሚወደው ለምን መሰላችሁ? የኔው ፕሮግራም የወሰደ መልሶ ይስጥ ይላል። የኔ ወንድም ከወሰደ በኋላ በር ይዘጋል!» አለ። ድንኳኑ በሳቅ ተናወጠ። ይህን ያለው ማን ነው? ሀቢቡ ከስምንተኛ ክፍል ወጥቶ በርበሬ በጋሪ እየገፋ ያስተማረው ልጅ! ዩኒቨርሲቲ ደርሶ ሲመለስ ምስጋናው ይህ ሆነ። ሀቢቡ ሳህኑን መሬት ላይ አስቀምጦ ወጣ። በዚያው ክረምት አባትየው ሞቱ። ኋላም ሙባሪክ። ሰዎቹ ሄዱ፣ ቂሙ ቀረ። «አባቴ ስሜን ጠርቶ ነበር?» ብሎ ዘመድ መጠየቅ ደግሞ ለሀቢቡ ከልመና አይለይም።

ዱባለ ከሄደ በኋላ ዓይኑ ኮምፒውተሩ ላይ አረፈ። ከሰጪዎቹ ዝርዝር ውስጥ፣ ለወራት ባዶ በነበረው ቦታ፣ አንድ መስመር በርቷል። የኢትዮጵያ ባንዲራ። አጠገቡ ሰጪው የሚጠቀምበት ፕሮግራም ስም፤ እጅግ አሮጌው ዓይነት። «አዲሱ ማስታወቂያ ብቻ ነው» እያለ ያንን አሮጌ ዓይነት የሙጥኝ ያለ አንድ ሰው ብቻ ነው የሚያውቀው። ያንን ሰው ደግሞ በገዛ እጁ አፈር አልብሶታል።

«አዑዙ ቢላህ» አለ ሀቢቡ።

መስመሩ ምንም ሳይሰጥ ጠፋ። በማግስቱ ከአስር ሰላት በኋላ ብቅ አለና እንደገና ጠፋ። ከዚያም ደጋግሞ እንዲሁ ሆነ። ሙባሪክ ከወዲያ ሆኖ እንካ እያለ የሚነሳው፣ በሞቱም የሚቀልድበት መሰለው። እንጀራ አልወርድ አለው። ሱቁን ዘግቶ ሲገባ እንኳ ከኋላው የሚከተለው ሰው ያለ ይመስል ይዞር ጀመር። በመጨረሻ «የመጣው ይምጣ» ብሎ፣ የሙባሪክ ቤት ወዳለበት ወልቂጤ የሚሄድ ሚኒባስ ውስጥ ገባ።

የሙባሪክ ሚስት ሳሌሃ በሩን ስትከፍትለት ደነገጠች። ቤቱ ተራቁቷል፤ ዕቃው በማዳበሪያ ከረጢት ታስሯል። ደጅ ላይ ወንድሟ ሳላሀዲን አልጋ እየፈታ አይሱዙ ላይ ይጭናል።

«አሰላሙ አለይኩም» አለ ሀቢቡ።

«ወአለይኩሙ ሰላም። ግባ ጋሼ ሀቢቡ። እኛም ወደ እናቴ ቤት ልንገባ ነው። የት ልቀመጥ አትበለኝ እንጂ፣ ያቻት ዱካ።»

አልተቀመጠም። ዓይኑ ጥግ ላይ ቀረ። መሬት ላይ፣ በሴት ሻርፕ የተሸፈነ ነገር በቀስታ ያንጎራጉራል።

«ይሄ ምንድን ነው?»

«የሱ ላፕቶፕ ነዋ» አለች ሳሌሃ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ። «አታት ሆስፒታል ተኝቶ ሳለ አደራ አለኝ። መብራት በመጣ ቁጥር አብሪው፣ ሌላ ምንም አትንኪ፣ ኢንተርኔቱንም አታቋርጪ አለኝ። ተበላሽቶ ከርሞ በቅርቡ ነው ያሠራሁት፤ መብራቱም ገና ሳበራው ይጠፋል። ወላሂ ጋሼ፣ ማንም ሳይነካው እንዲህ ሲል ያስፈራኛል። በመጨረሻው ሰሞን ሲተነፍስ ልክ እንደዚህ ነበር።»

«ለምን እንደሆነ አልነገረሽም?»

«ለሀቢቡ የማደርሰው አለ ብቻ ነው ያለኝ። አንተ ደግሞ ከቀብሩ ወዲህ ፊትህን አጥቁረህብኝ፣ በየት በኩል ልጠይቅህ?»

ሀቢቡ ሻርፑን ገልጦ መሬት ላይ ተቀመጠ። ፋይሉን አገኘው። ከፈተው።

አባቱ ባሂራን መረቁ፤ ሙባሪክን መረቁ። አፋቸው ተከፈተ። በዚህ ጊዜ ምስሉ አልደረቀም።

«ሀቢቡ...» አሉና ቆም አሉ። «ሀቢቡ የታል?»

«ወጥቷል» አለ አንድ ሰው።

«ጥሩት።»

መዳፋቸውን አላወረዱም። አንድ ሕፃን አለቀሰ፤ የሆነ ሰው ሳለ። ሽማግሌው እጃቸው እየተንቀጠቀጠ፣ ዓይናቸውን ከመግቢያው ሳያነሱ ጠበቁ፣ ጠበቁ። ሀቢቡ ያን ጊዜ ከአጥሩ ውጭ ቆሞ በንዴት ድንጋይ ሲረግጥ እንደነበር ትዝ አለው። ድምፅ ቢያሰሙ የሚሰማበት ቦታ ነበር።

ከካሜራው ጀርባ የሙባሪክ ድምፅ መጣ። «አባ፣ ክንድዎ ዛለ። እኔ ልቀበልለት።»

«አንተ ነህ ያስቀየምከው?»

«አዎ፣ አባ።»

«እንግዲያውስ አንተው ተሸከመው። ታደርስለታለህ?»

«አደርስለታለሁ።»

ምስሉ ተንገዳግዶ ወደቀ። ሙባሪክ ሁለት መዳፉን ለመዘርጋት ካሜራውን አስቀምጦታል። ከዚያ ወዲያ የሚታየው ምንጣፍና የእንግዶች እግር ብቻ ነው። የአባትየው ድምፅ ግን ጥርት ብሎ ይሰማል፦ «ልጄ ሀቢቡ፣ ለወንድሙ ብሎ ያጎደለውን አላህ ይሙላለት። የቆጠረውን ያስረሳው።» ከቅርብ፣ ከሁሉም ድምፅ በላይ፣ «አሚን» አለ ሙባሪክ።

ሀቢቡን ያው ቁጣው ገነፈለበት። «ስልክ አልነበረውም? ደውሎ ቢነግረኝ ምን ነበረበት?»

«ሲደውልልህ ታነሳ ነበር?» አለች ሳሌሃ።

ሀቢቡ ፍላሽ አውጥቶ ቪዲዮውን ገለበጠና ኪሱ ውስጥ ከተተው።

«ሳሌሃ!» አለ ሳላሀዲን ከደጅ። «ሹፌሩ ሊሄድ ነው! ያንን ቆርቆሮ ነቅለሽ ነይ!»

ሳሌሃ ወደ ሶኬቱ ጎንበስ አለች። «በቃ አደራውን ተወጣሁ አይደል? ልንቀለው፣ ነፍሴም ትረፍ።»

«ንቀይው» ሊል አፉን ሲከፍት ስክሪኑን አየ። ከፋይሉ ስር አንድ መስመር ይንቀሳቀሳል። ሌላ ሰው እየወሰደ ነው፤ ገና ከግማሽ አልደረሰም። ባንዲራውን አያውቀውም። የአክስት ልጅ ይሁን፣ የባሂራ ጓደኛ ይሁን፣ ወይም በስህተት የገባ ባዕድ፣ ማወቂያ የለውም። ቁጥሩ በቀንድ አውጣ እርምጃ ከፍ አለ።

«ቆይ፣ አትንቀይው።»

«መኪናው ቆሟል እኮ ጋሼ!»

«እናንተ ሂዱ። ቁልፉን ተዉልኝ፤ ለአከራይዋ እኔ አስረክባለሁ። ላፕቶፑንም ሲያበቃ አመጣልሻለሁ።»

ሳሌሃ ባዶውን ቤት ዞር ብላ አየችው፤ የሙባሪክ አልጋ የነበረበት ግድግዳ ላይ የራስጌው እድፍ አሁንም አለ። «ከዚህ ጋር ብቻህን ልትቀመጥ?»

«አዎ።»

ቁልፉን አቀበለችው። አይሱዙው ሲነሳ አቧራው በበሩ ገባ፤ ከዚያ ቤቱ ጭር አለ፤ የላፕቶፑ ትንፋሽ ብቻ ቀረ። ሀቢቡ ፊቱን ከግድግዳው ሳያዞር ዱካዋን ስቦ ተቀመጠ፤ ገመዱን ሳያስበው በእግሩ እንዳይመታው በጉልበቱ ከለለው።